«ይ.ሕ.» የሚለው የማን ድርሻ ነው?

(ጎንደር ውስጥ በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው እንደ ወረደ የተጻፈ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ መርጌታዎች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዴት አመሻችሁ? (እግዚአብሔር ይመስገን!) አልሰማሁም። እንዴት አመሻችሁ? (እግዚአብሔር ይመስገን!) እንደሱ ነው። ይቺን መልሳችሁን ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገሬ በሙሉ እሷ ላይ ነው።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ፒያሳ ቴፕና ቴሌቪዥን፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። እዚህ ቤት ግን የምታውቁኝ በሌላ ነው፤ ማይክ ባፏጨ ቁጥር ሁላችሁም ዞራችሁ በቁጣ የምታዩት ሰውዬ እኔ ነኝ። (ሳቅ) አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚክሰር አጠገብ ቆሜ አስቀድሻለሁ፤ እሱ ማስቀደስ ከተባለ። አዘጋጆቹ «ቴክኖሎጂ ለአምልኮታችን ያለውን ጥቅምና ጉዳት ተናገር» አሉኝ። ጥቅምና ጉዳት አልናገርም፤ እሱን የስድስተኛ ክፍል ልጅም ይጽፈዋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ ብራናና ማተሚያ፣ ሁለተኛ ማይክ፣ ሦስተኛ ስልክ።

ጥያቄው ይህ ነው። መጽሐፈ ቅዳሴን የገለጠ ሰው ያውቃል፤ አጫጭር ምልክቶች አሉ። «ይ.ካ.» ይላል፤ ይበል ካህን። «ይ.ዲ.» ይላል፤ ይበል ዲያቆን። «ይ.ሕ.» ይላል፤ ይበል ሕዝብ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» የሚለው ማን ነው? ሕዝብ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለውስ? ሕዝብ ነው። በሙሉ መጽሐፉ ውስጥ «ይ.ማ.» የሚል አይታችኋል? ይበል ማይክ የሚል? (ሳቅ) ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ከሚክሰሩ አጠገብ ሆኜ ሳየው፣ «ይ.ሕ.» የሚለው ቦታ ቀስ በቀስ የማይኩ ሆኗል። ዕቃ በመጣ ቁጥር ልንጠይቀው የሚገባን ይህንን ይመስለኛል፤ የሕዝቡን ድርሻ ይጨምራል ወይስ ይወስዳል?

ወደ አንደኛው ልግባ። ቴክኖሎጂ ሲባል ሶኬት ላይ የሚሰካ ብቻ ለሚመስላችሁ፣ ብራናም በዘመኑ አዲስ ዕቃ ነበር። ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰጠን። ከዚያ ስንት ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ኖረ! ምልክቱ ተሠርቶ ከፊደሉ በላይ መጻፍ የጀመረው በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ይጠራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። መቼም ያን ጊዜ አንድ አረጋዊ መምህር «በቃ፣ እንግዲህ ልጆቹ በቃል መያዝ ሊተዉ ነው» ብለው ሳያጉረመርሙ አልቀሩም። ይህ የኔ ግምት ነው፤ መርጌታ አይቆጡኝ። ግን ልጆቹ አልተዉም። ምልክቱ ዜማውን ያስታውስ ነበር እንጂ በሰው ፈንታ አይዘምርም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ስንት ቤተ ክርስቲያን ነደደ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንቦቹ አዳኑት ይላሉ አባቶቻችን። አቋቋሙም፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቆመው ዜማችን፣ ተረፈ፤ እሱ በሰው ውስጥ ነበር።

ማተሚያውስ? በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ሮም ላይ፣ በፈረንጆቹ 1513። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውየው እዚያ የነበሩ የሀገራችን ሰዎች ሲዘምሩ ሰማ። ከሚሉት ሁሉ የገባው የእመቤታችን፣ የሐዋርያትና የቅዱሳን ስም ብቻ ነው። ግን አላስቀምጥ አለው፤ ፈልጎ ተማረ፣ አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ መሳሳቱ ሌላ ጉዳይ ነው። (ሳቅ) ልብ በሉልኝ፤ ያን ሰው ማተሚያ ቤት ድረስ የወሰደው የሰው ጉሮሮ ነው። በኋላም ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመው መጽሐፈ ቅዳሴ እጃችን ሲገባ፣ «ይ.ሕ.» ሰፋ። እኔ ራሴ ተሰጥኦውን፣ ማለትም ሕዝቡ የሚመልሰውን፣ ያጠናሁት ከሱ ነው። ኮምፒውተሩም ቢሆን አልበደለንም። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጣቸው ዩኒኮድ የሚባል ሰንጠረዥ አለ፤ የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ገባበት፤ በ2005 ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ርክርክና ድፋት ዛሬ በየስልካችሁ ውስጥ የራሳቸው ቁጥር አላቸው ስላችሁ!

የአክስቴ ልጅ አቋቋም ሲማር የየኔታን ድምፅ በስልክ ይቀዳ ነበር። አንድ ቀን የኔታ ጠሩትና «በል የትናንቱን አሰማኝ» አሉት። ጀመረ፤ መንገድ ላይ ጠፋው። እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ አዩት። «ተው ልጄ፣ ስልክህማ ችሏል፤ እሱን አስመርቀዋለሁ። አንተስ?» አሉት። (ሳቅ) ታሪኩ ግን እዚህ ቢያልቅ ለሰባኪዎች ይመች ነበር። አላለቀም። ከጥቂት ዓመት በኋላ የኔታ ታመሙ። ያን ልጅ አስጠሩና «ያ ዕቃህ አለ?» አሉት። አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ብዙ ሌሊት አስቀዱት። ያንን ቅጂ ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በመሀል ሳላቸው አለ። «ይህን ድገመው» ይላሉ ለልጁ። ልጁ ይደግማል። ስልኩ የሁለቱንም ድምፅ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ደረሱ፤ ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ወሰዳቸው። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ቀሩ። እዚያ ያለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት (ብሪቲሽ ላይብረሪ) ከነሱ ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቶ በኢንተርኔት አወጣ። እኔም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዱን በስልኬ ገልጫለሁ። ደስ አለኝ? ተናደድኩ? ሁለቱም። ሥዕሉን በጣቴ አሰፋሁት፤ የሰም ነጠብጣብ ነበረበት። የኛ ጧፍ ነው ያ! እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሁለተኛው ነጥብ ማይክ ነው። እዚህ ላይ እዘገያለሁ፤ ጥፋቱ የኔም ስለሆነ።

አያቴ እምዬ አዘዞ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ተሰጥኦውን ግን አንድ አትስትም ነበር። አንዳንዱን ቃል በጆሮዋ እንደያዘችው አጣማ ትለዋለች፤ ትለዋለች ግን። በሴቶች በር በኩል ቆማ «ምስለ መንፈስከ» ስትል አጠገቧ ያሉት ድምፃቸውን በሷ ያስተካክሉ ነበር። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ለደብራችን የመጀመሪያውን ማይክና ሁለት ሆርን ገዛን፤ ያ ጥሩምባ የመሰለው ስፒከር። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ያን እሑድ ኩራቴ አይጣል ነው! ወር ያህል ቆይቶ እምዬ ቡና እያፈላች ምን አለችኝ? «ደግ ዕቃ አመጣህ ልጄ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። የኔ ድምፅ ግን ለኔም አልሰማኝ አለ።» ሳቅሁባት። ማርጀቷ ነው ብዬ።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሙያዬ ነውና ታገሡኝ። ማይክ የሚሰማው አፉን አስጠግቶ የሚናገርበትን ሰው ነው። አንድ ስንዝር ላይ ካለህ አለህ። ሦስት አራት ክንድ ከራቅህ ለማይኩ የለህም። ስለዚህ የአንዱ ሰው ድምፅ መቶ እጥፍ ሲገን የሺው ሰው ድምፅ ባለበት ይቀራል። እንግዲህ ማን ማንን ይሰማል?

ሌላም አለ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል፤ በሽቦው የሚሄደው ግን ከዚህ ይፈጥናል፣ ወዲያው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ 100 ሜትር ርቆ ቅጥሩ በር ላይ ሆርን ሰቀልን እንበል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ዲያቆኑን ከራሱ በላይ ወዲያው ይሰማል። ከውስጥ የሚመጣው የሕዝቡ መልስ ግን የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሱ መልስም ውስጥ ላሉት እንዲሁ። አንዱ ጉባኤ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ይደበላለቃል፣ ይጎተታል። እኛ የድምፅ ሰዎች ምን መላ መታን? ለመዘምራኑ ማይክ ሰጠናቸው፤ ሕዝቡን ወክለው እንዲመልሱ። ተስተካከለ! አማረ! አምስት ልጆች ሕዝብ ሆኑ፤ ሕዝቡ ደግሞ ሰሚ ሆነ።

ይህን የተረዳሁት አንድ እሑድ መብራት ሲጠፋ ነው። ጀነሬተሩ አልነሣ አለ። ዲያቆኑ ጎበዝ ነው፤ አልደነገጠም፣ በባዶ ጉሮሮው ቀጠለ። እኔ ውስጤ «ዛሬ ሕዝቡ ደምቆ ይመልሳል» ብሎ ነበር። «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። ዝም። ግቢውን የሞላ ሰው ነው የምላችሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል! መብራቱን እየጠበቁ ነው። ከኋላ፣ ከሴቶቹ በኩል፣ ሦስት ወይም አራት አሮጊቶች «እግዚኦ ተሣሃለነ» አሉ። እምዬ ያን ጊዜ በሕይወት የለችም። የሷ እኩዮች ናቸው። ሌላው ቃሉን ረስቶት ነው? አይመስለኝም። የኔ ተራ ነው ማለትን ረስቶ ነው።

እኔ ሆርኑን ከሰቀልኩ ጀምሮ ነው የረሳው። አዎ፣ እኔ።

ስለ ሆርን ካነሣሁ አይቀር፣ ለከበሮ አይሆንም። ሆርን ወፍራሙን ድምፅ አይችልም፤ መካከለኛውንና ቀጭኑን ብቻ አጉልቶ ይወረውራል። ስለዚህ በማኅሌት ሌሊት ከሩቅ የምትሰሙት ከበሮ ጣሳ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጸናጽሉ ጆሮ ይበሳል፣ ከበሮው ይጠፋል። የጎንደርን አቋቋም በጣሳ! አባቶች ይህን ዝም ብላችሁ ማየታችሁ ይገርመኛል። ሞንታርቦ፣ ያ ትልቁ የሣጥን ስፒከር፣ ቢሆን ይሻላል፤ ውስጥ ላሉት፣ በልክ።

በልክ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ የፍልሰታ ማታ በሁለት አድባራት መካከል ባለ መንገድ እሄዳለሁ። ከቀኝ ያለው ሰባኪ ከልቡ ነው፤ «ወገኖቼ፣ ንስሐ ለነገ አይባልም! ዛሬውኑ…» ሲል ከግራው «…በቴሌብርም ማስገባት ይቻላል!» (ሳቅ) ሁለቱም የሚናገሩት ለኔ ነበር፤ አንዳቸውንም አልሰማሁም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት እኅት ጠዋት መጣች። «የሌሊቱን ጸሎት፣ ሰዓታቱን፣ ጠልቼ አይደለም፣ አባቴ ታሞ ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ ትንሽ ዝቅ ብታደርጉልን» አለችኝ። የውጭዎቹን አጠፋሁ። የተቆጡኝ ሽማግሌ ነበሩ፤ «የእግዚአብሔርን ቃል ዝቅ አደረግኸው!» ብለው። እስኪ እኔ ልጠይቃችሁ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሰዓታቱን የደረሰው ለሚጸልይ ሰው ነው ወይስ ለሽቦ?

ሰዓቱ ሄደ አይደል? ሦስተኛውን በሩጫ ነው የምላችሁ።

ስልክ። ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ በስልክ እንመዘግበዋለን። ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ታቦቱ ሲያልፍ እጃችሁን እዩ። ሁለቱም እጅ ስልክ ይዟል። በምን እጅ ይጨበጨባል? እንዲህ እያልኩ ስፈርድ አንድ ዓመት አጠገቤ የቆሙ እናት አየሁ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። ልጃቸው ዐረብ ሀገር ናት፤ በቪዲዮ እያየች ታለቅሳለች። ጠበሉን በጎማ ሲረጩ እናትየው ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጉት። «ለሷም ይድረሳት!» ብለው። በማግሥቱ ስልኩን የጠገንኩት እኔ ነኝ። (ሳቅ) ገንዘብ አልተቀበልኩም። ትክክል ናቸው፣ ስሕተት ናቸው? አባቶች መልሱልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።

በ2012 ፋሲካ በኮሮና ምክንያት ብዙዎቻችን ቤት ነበርን። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ባለቤቴ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ሳሎን ውስጥ ቆመች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ካህን «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል እሷ «ምስለ መንፈስከ» አለች፤ ልጆቹም ተከተሏት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ተሰጥኦ ስትመልስ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ ሚክሰሩ ጋ፣ እሷ ሁልጊዜ በሆርን ሥር። ሳሎናችን ውስጥ የሚሸፍናት ማይክ አልነበረም። ስለዚህ «ቴሌቪዥን አምልኮን ገደለ» የሚል ሰው ሲመጣ ቶሎ አልስማማም።

ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራት። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ከብዙ መቶ አባል ጋር ተኛ። የጥናት መርሐ ግብሩ፣ የታመመ መጠየቂያው፣ መዋጮው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የእናቴ የጽዋ ማኅበርስ? አንድ ወርም አልታጠፈ። ጽዋው ማን ቤት እንደሚያድር ያውቃሉ፤ የቀረች ካለች በማግሥቱ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ደጇ ይመጣሉ። ዳታው ሲመለስ እኛ ግሩፑን ከፈትን። በእነዚያ ወራት እናቱ የሞተችበት አባል ነበረን፤ ለቅሶ የደረሰው ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ቴሌብር ላይ አልቆይም፤ በ2013 ከመጣ ወዲህ መባ መላክ ቀሏል፣ ጥሩ ነው። የማልወደው ስምና ብሩን በማይክ መጥራቱን ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን እዚያው ማይክ ላይ አንብበን፣ እዚያው ማይክ ላይ «አቶ እገሌ አምስት ሺህ!»። ሙዳየ ምጽዋቱ አፍ የለውም፤ እሱ ይሻላል።

የመጨረሻዬ። ቅዳሴውን በዩቲዩብ ላይቭ ማስተላለፍ ስንጀምር የሚተላለፈው የማይኩ ድምፅ ብቻ ነበር። ራሴ ቀድቼ ሰማሁት። ካህን አለ፣ ዲያቆን አለ፣ አምስት መዘምራን አሉ፤ ሕዝብ የለም። ውጭ ያሉ ልጆቻችን የሚያስቀድሱት ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ተራ ማይክ ወስጄ ከሴቶቹ መቆሚያ በላይ ሰቀልኩት፤ ለስፒከሩ አይደለም፣ ለላይቩ ብቻ። ሕፃን ያለቅሳል፣ መቋሚያ ይወድቃል፣ አንዷ ዳዊቷን ትደግማለች። ልጆቹ «ድምፁ ተበላሸ» አሉኝ። አጥፋው አሉኝ። በሳምንቱ ከውጭ አንዲት ልጅ ጻፈች፤ ሁለት መስመር ነው። «የእናቴን ሳል ሰማሁ። ያን የሰቀላችሁትን እንዳታወርዱት» ይላል።

አላወረድኩትም። አሁንም አለ።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከመጪው እሑድ ጀምሮ በተሰጥኦ ጊዜ የመዘምራኑን ማይክ ልዝጋው። የካህኑና የዲያቆኑ ይቆይ። መጀመሪያ ያስጠላል፤ ይደበላለቃል፣ ይጎተታል፣ ሰው ዞሮ እኔን ያያል። ለምጄዋለሁ። ሰበካ ጉባኤው ከፈቀደ ነው፤ ሊቀ መንበሩ እዚህ ስላሉ ሆነ ብዬ በሰው ፊት ነው የምጠይቃቸው። (ሳቅ፣ ጭብጨባ)

ለሙከራ ያህል ይህን የያዝኩትንም ላጥፋው። መርጌታ፣ እርስዎ ይበሉ፣ እኛ እንመልሳለን። ይኸው፣ አጠፋሁት።

(ከኋላ፦ «አይሰማም!»)

እሺ እማማ። ወደ ፊት ይምጡ፤ እዚህ ቦታ አለ። ልጆች፣ አንዳችሁ ወንበር ያዙላቸው። ሌሎቻችሁም ጠጋ በሉ፤ ጠጋ፣ ጠጋ… መርጌታ፣ ይጀምሩልን።